ጭስ ሲመጣ መስኮቱ መቼ ይዘጋ?

እሳቱ ሩቅ ነው ብላችሁ አትናቁት። ከእንጦጦ ሥር የምንኖር ሰዎች በበጋ ጫካ ሲቃጠል ነበልባሉን ሳናይ ጭሱን እንጠጣለን። ባህር ዛፍ ደግሞ ቅጠሉ ዘይት አለው፤ አንዴ ከያዘ አይቻልም።

ታዲያ ብዙዎቻችን ቀን መስኮት ዘግተን ማታ "ትንሽ አየር ይግባ" ብለን እንከፍታለን። ተገላቢጦሽ ነው። ነፋስ በሌለበት ማታ ቀዝቃዛው አየር ከተራራው ቁልቁል ይፈሳል፤ ጭሱንም ይዞ ሰፈር ላይ ይተኛል። የሚነሣው ረፋድ ላይ ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ ነው። ስለዚህ ከመጨለሙ በፊት ዝጉ፤ የበሩንም ሥር በእርጥብ ፎጣ ድፈኑ። ቀን ላይ ሽታው ቀለል ሲል ክፈቱ።

አሁን ወደ ዋናው። ቤቱ ተዘግቶ ሳለ ከሰል አታስገቡ። ቡና ያለ ዕጣን አይሆንልኝም የምትሉ አላችሁ (እናቴም አንዷ ናት)። ለዚያን ቀን ጀበናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ ጣዱት፤ ዕጣኑም ይቅር። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ በተዘጋ ቤት ሰው ይገድላል።

ነጠላ አፍ ላይ መጠምጠም ብዙም አያስጥልም። ከ2.5 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) በታች ያለው የጭስ ብናኝ በጨርቅ ውስጥ ያልፋል። ከኮሮና ጊዜ የተረፈ ኤን95 ማስክ ካላችሁ እሱን ፊታችሁ ላይ ግጥም አድርጉ። አስም ያለበት ሰው ኢንሄለሩን ከአጠገቡ አያርቅ። እሳቱ ወደ ሰፈር ከቀረበ ወደ እሳት አደጋ 939 ደውሉ።