በአንድ ቀን የተሠራ የጥርስ ክራውን ሲያስቸግር

ጥርስዎ ስካን ተደረገ፣ ክራውኑ (የተጎዳ ጥርስን እንደ ቆብ የሚሸፍነው ክዳን) በኮምፒውተር ተነደፈ፣ ማሽኑ ከሴራሚክ ፈልፍሎ አወጣው፣ በዚያው ቀን ተለጥፎልዎት ወደ ቤት ሄዱ። አሠራሩ የትናንት ግኝት አይደለም። የመጀመሪያው ታካሚ በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የታከመው በ1985 እ.ኤ.አ. ነው። ከተለጠፈ በኋላ ግን አንዳንዴ ያስቸግራል። አብዛኛው ችግር ቶሎ ከተመለሱ ይስተካከላል።

ሲነክሱ ያምማል?

መጀመሪያ የሚጠረጠረው የክራውኑ ከፍታ ነው። ከሌሎቹ ጥርሶች በትንሹ እንኳ ከፍ ካለ፣ አፍዎን ሲገጥሙ ቀድሞ የሚነካው እሱ ነው። የማኘክ ጫናው እዚያው ላይ ያርፍና በጥርሱ ሥር ዙሪያ ያለው ጅማት ይቆጣል። ታዲያ በዕለቱ ለምን አልታወቀም? አፍዎ ደንዝዞ ስለነበር ነው። ማደንዘዣ ተወግቶ “አሁን ተመቸዎት?” ሲባል ትክክለኛውን መመለስ ለማንም ይከብዳል።

መፍትሄው የደቂቃዎች ሥራ ነው። ሐኪሙ ቀለም ያለው ስስ ወረቀት ያስነክስዎትና ምልክቱ የበረታበትን ነጥብ ይሞርደዋል። ከዚያ ማለስለስ ግድ ነው፤ ሻካራ ሴራሚክ ሲነክሱ የሚገጥመውን ጥርስ ይበላዋል። ብዙ ሰው “ይለመዳል” እያለ ለሳምንታት ይታገሳል። እባክዎ አይታገሱ። ማደንዘዣው በለቀቀ ማግስት ከፍ ያለ መስሎ ከተሰማዎት ደውለው ይመለሱ።

ቀዝቃዛ ሲነካው ይነዝራል?

ጥርሱ ለክራውኑ ሲሞረድ ውስጡ ያለው ነርቭም ሊቆጣ ይችላል። ሕመሙ ለሰከንዶች ቆይቶ የሚጠፋና ከቀን ወደ ቀን የሚቀንስ ከሆነ፣ ከፍታው መለካቱን አረጋግጠው ይጠብቁ። ትኩስ ሲነካው የሚብስ፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ፣ ከጀመረ የማይለቅ ከሆነ ግን ነርቩ ክፉኛ ተቆጥቷል። ራጅ ተነስቶ የሥር ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል። ብዙ ጊዜ ክራውኑን ሳያወልቁ በላዩ ቀዳዳ ከፍተው ይሠሩታል።

ምግብ በጎን ይገባል? የጥርስ ማጽጃ ክር ሲያስገቡ ያለምንም መያዝ ካለፈ፣ ክራውኑ ከጎረቤቱ ጥርስ ጋር በደንብ አልተገናኘም። ይህን በመሞረድ ማዳን አይቻልም። ወይ እንደገና ይሠራል፣ ወይ ጎረቤቱ ጥርስ ላይ ሙሊት ይጨመራል። ድድዎ በዚያ በኩል ብቻ የሚደማ ከሆነ ደግሞ የተረፈ ማጣበቂያ ከድዱ ሥር ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል ይጸዳ።

ቀለሙ ካላማረዎት፣ መናገሪያ ጊዜው ከመለጠፉ በፊት ነው። ያኔ በቀለም ተነክቶ ምድጃ ሊገባ ይችላል። ከተለጠፈ በኋላ ያለው አማራጭ ማፍረስ ነው። ስለዚህ ሲሞከር መስታወት ይጠይቁ።

ወለቀ ወይስ ተሰበረ?

ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። ሙሉውን ከወለቀ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የማጣበቁ ነው፤ ሲለጠፍ ምራቅ ከነካው ማጣበቂያው አይይዝም። ጥርሱ በጣም አጭር ከሆነም የሚይዘው ያጣል። ክራውኑ ካልተጎዳ ጸድቶ መልሶ ይለጠፋል። ከተሰበረ ግን ወይ ሴራሚኩ ሳስቷል፣ ወይ እርስዎ ሌሊት ጥርስ ያፋጫሉ። ውፍረቱ ተስተካክሎ ወይም እንደ ዚርኮኒያ ባለ ጠንካራ ሴራሚክ አዲስ ይሠራል። ለሚያፋጭ ሰው ሲተኛ ጥርሱ ላይ የሚያጠልቀው የሌሊት መከላከያም ያስፈልጋል።

የወለቀውን በንጹሕ ዕቃ ይዘው ይሂዱ። በቤት ሙጫ ለመለጠፍ ፈጽሞ አይሞክሩ፤ ድድን ይጎዳል፣ ክራውኑም ዳግመኛ በቦታው አይገጥምም።