በፋይበርግላስ ውስጥ የተሸሸገ ስንጥቅን በፋይበር ኦፕቲክ ሴንሰር እንዴት ማወቅ ይቻላል?

ፋይበርግላስ ሲመታ ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ሊላቀቅ ይችላል። በድርቡ መካከል የተቀበረ ብራግ ሴንሰር ይህን ያሳብቃል። ሴንሰሩ ጥቃቅን መስመሮች የተቀረጹበት ቀጭን የመስታወት ክር ነው፤ ሲለጠጥ መልሶ የሚያንጸባርቀው የብርሃን ሞገድ ይረዝማል፣ ሲታመቅ ያጥራል።

የሚያስፈልጉት፦ በ1550 ናኖሜትር አካባቢ የሚሰሩ 2 ሴንሰሮች፣ ኢንተሮጌተር (የሞገዱን ርዝመት የሚያነበው መሣሪያ፤ ውዱም እሱ ነው)፣ ክሩ ወደ አንድ አቅጣጫ የሆነ የመስታወት ጨርቅ፣ ፖሊስተር ሬዚን (ጨርቁን የሚያያይዘው ፈሳሽ ማጣበቂያ) ከነሃርድነሩ (ከማድረቂያው)፣ ቀጭን የቴፍሎን ቱቦ።

1. ጨርቁን 8 ድርብ አድርጋችሁ ቁረጡ። ሴንሰሩን በ2ኛውና በ3ኛው ድርብ መካከል፣ ከጨርቁ ክር ጋር በአንድ አቅጣጫ አስተኙት። አግድም ከተኛ ግራና ቀኙ ሬዚን ይቋጥራል፤ ስንጥቁም ከዚያው ይነሳል።

2. ክሩ ከጠርዙ በሚወጣበት ቦታ ቱቦውን አጥልቁበት፤ 1 ሳንቲሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይግባ። ብዙ ሴንሰር የሚሞተው እዚህ ነው። የደረቀ ሬዚን ጠርዙ ስለት ስለሚሆን ክሩ ትንሽ ሲታጠፍ ቀጭ ይላል። ከ3 ሳንቲሜትር ባነሰ ራዲየስ አትጠምዝዙት።

3. ሬዚኑን ቀቡና ይድረቅ። ደብረ ብርሃን ላይ ክፍሉን ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሳታሞቁ አትጀምሩ፤ በብርድ ሬዚኑ ይለግማል። ለማፋጠን ብላችሁ ሃርድነር አታብዙ፤ ሬዚኑ ግሎ ሲኮማተር ሴንሰሩን ያጨናንቀዋል። ከደረቀ በኋላ በኢንተሮጌተሩ ስክሪን ላይ የነበረው አንድ የሞገድ ጫፍ (ሴንሰሩ የሚያንጸባርቀው ብርሃን የሚያሳየው ሹል ምልክት) ለሁለት ተከፍሎ ከታየ፣ ሴንሰሩ ከጎን ተጨንቋል ማለት ነው።

4. ሙቀቱን ለዩ። ሰሜን ሸዋ ደጋው ላይ ጠዋት ውርጭ፣ ቀን ፀሐይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። የ1 ዲግሪ ለውጥ ሞገዱን ወደ 10 ፒኮሜትር (ፒኮሜትር የናኖሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ያዛውረዋል፤ የ1 ማይክሮስትሬይን (የርዝመቱ አንድ ሚሊዮንኛ) መለጠጥ ግን 1.2 ፒኮሜትር ብቻ። ስለዚህ 15 ዲግሪ ሲሞቅ፣ ማንም ሳይነካው፣ ቢያንስ 125 ማይክሮስትሬይን የተለጠጠ ይመስላል። መፍትሔው 2ኛውን ሴንሰር በተመሳሳይ መንገድ በተሰራ ትንሽ ቁራጭ ውስጥ ቀብሮ፣ ጭነት ሳያርፍበት አጠገቡ ማስቀመጥና ንባቡን ከ1ኛው ሴንሰር ንባብ ላይ መቀነስ ነው።

5. የፋይበርግላሱን ሁለት ዳርቻዎች ደግፋችሁ መሃሉ ላይ 5፣ 10፣ 15 ኪሎ በየተራ ጫኑ፤ በየደረጃው መዝግቡ፤ አውርዱ። ይህ መነሻችሁ ነው። ከምት በኋላ ያንኑ ድገሙ። ክብደቱ ተነስቶም ንባቡ ወደ መነሻው ካልተመለሰ፣ ወይም በስክሪኑ ላይ ያለው ቀጭን የሞገድ ጫፍ ከሰፋና ከተከፋፈለ፣ ስንጥቁ ቅርብ ነው።

10 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ሴንሰር ራቅ ያለ ጉዳት አይሰማም፤ ምት በሚበዛበት ቦታ ቅበሩት። ምልክቱ ድንገት ከጠፋ ደግሞ ተበጠሰ ከማለታችሁ በፊት ኮኔክተሩን በአልኮል ጥረጉ።