ኦርጅናል ሌንስ ወይስ ተርድ ፓርቲ? ብር ከማውጣታቹ በፊት እንዴት እንደምትመርጡ

"ኦርጅናል ነው?" የሚለው ጥያቄ እኛ ጋ ሁለት ነገር ያቀላቅላል። ሲግማና ታምሮን የታወቁ የጃፓን ድርጅቶች ናቸው፣ ለካኖን ለኒኮን ለሶኒ የሚገጥም ሌንስ በራሳቸው ስም ሰርተው ነው የሚሸጡት፣ ተርድ ፓርቲ ማለት እሱ ነው። ካኖን የሚል ተለጥፎበት ካኖን ያልሰራው ባትሪ ግን ፌክ ነው። ሻጩ ሁለቱንም "ኦርጅናል አይደለም" ብሎ አንድ ላይ ሲጠራቸው ወይ ጥሩ ሌንስ ያመልጣቹሃል፣ ወይ ደሞ ሲግማ የተመቸው ሰው በዛው ሞራል ስሙ የማይታወቅ ባትሪ ይገዛል። እኔ ሰርግ ላይ በአብዛኛው በተርድ ፓርቲ ሌንስ ነው የማነሳው፣ ባትሪ ላይ ግን አልደራደርም።

መጀመሪያ ማውንቱን፣ ማለትም ሌንሱ ካሜራው ላይ የሚገጥምበትን አፍ እወቁ። "ለካኖን ይሆናል" የሚል መልስ አይበቃም። ካኖን (አመቶቹ በፈረንጆች ናቸው) ከ1987 ጀምሮ የነበረው ኢኤፍ የሚባል ማውንት አለው፣ በ2018 ደግሞ ለሚረርለስ፣ ውስጡ መስታወት ለሌለው ካሜራ፣ አርኤፍ መጣ። ኢኤፍ ሌንስ በአዳፕተር አርኤፍ ካሜራ ላይ ይሰራል፣ አርኤፉ ግን የድሮው ካሜራ ላይ በምንም አይገባም። አማራጫቹን የሚወስነውም ይሄው ነው፣ ሶኒ የኢ ማውንቱን አሰራር በ2011 ለሌሎች አምራቾች ስለከፈተ ለሶኒ ተርድ ፓርቲ ሌንስ ሞልቷል፣ ካኖን ግን አርኤፉን ይዞ ቆይቶ ሲግማና ታምሮን በፈቃድ እንደሚሰሩ የተነገረው በ2024 ነው፣ እሱም የጀመረው በክሮፕ ሴንሰር፣ ማለትም ፎቶ የሚቀበለው ሴንሰሩ ትንሽ ለሆነ ካሜራ በሚሰሩ ሌንሶች ነው።

ቀጥሎ ሌንሱ ላይ የተጻፉትን ፊደሎች አንብቡ። ሲግማ ላይ ዲሲ ካለ ለክሮፕ ነው፣ ዲጂ ካለ ለፉል ፍሬም፣ ትልቁ ሴንሰር ላለው ካሜራ። ፉል ፍሬሙን ካኖን 6ዲ የያዘ ሰው ዲሲ ገዝቶ ቢገጥም ፎቶው ዳር ዳሩ ጠቁሮ ነው የሚወጣለት። ኒኮን ዲ3500 ወይ ዲ5600 ያላቹ ደሞ ካሜራቹ ውስጥ የፎከስ ሞተር የለም፣ ስለዚ ሌንሱ የራሱ ሞተር ያለው መሆን አለበት። የድሮውን ባለ ዲ 50 ሚሊ ኒኮን በርካሽ አገኘሁ ብላቹ ብትገዙ የራሱ የኒኮን ኦርጅናል ሆኖም በእጃቹ ነው ፎከስ የምታደርጉት። ኦርጅናል ስለሆነ ብቻ ይሰራል ማለት አይደለም።

ከዛ ስራቹን አስቡና አወዳድሩ። ለሶኒ የታምሮን 28-75 ኤፍ 2.8 ሁለተኛው ስሪት 540 ግራም ነው፣ የሶኒው 24-70 ጂኤም ሁለተኛው 695 ግራም፣ ዋጋቸው ደሞ በጣም ይራራቃል። ስምንትና አስር ሰአት ካሜራ አንገት ላይ ለሚያንጠለጥል ሰው ክብደቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ታምሮኑን ስትወስዱ የምታጡት 24 ሚሊውን ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ሌንሱ ሰፋ አድርጎ ያያል። አራት ሚሊ ምን ለውጥ ያመጣል የሚል ካለ ሙሽራዋ ቤት ጠዋት ሲገባ ያየዋል፣ ሚዜው ቤተሰቡ ጎረቤቱ ሳሎን ውስጥ ታጭቆ እናንተ ጀርባቹ ግድግዳ ነክቶ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ የምትሉበት ቦታ የለም፣ በ28 ሁለቱ ዳር ላይ የቆሙት ሰዎች ይቆረጣሉ። ስቱዲዮና ውጪ ፎቶ ብቻ የሚሰራ ሰው ግን ታምሮኑን ወስዶ በተረፈው ብር መብራት ቢገዛ ይሻለዋል ባይ ነኝ። ስፖርት የምታነሱ ከሆነ ደሞ ይሄን እወቁ፣ ሶኒ ኤ9 በራሱ ሌንስ በሰከንድ እስከ 20 ፎቶ ያነሳል፣ በተርድ ፓርቲ ግን 15 ላይ ነው የሚቆመው። ካኖን ላይ 50 ሚሊ ኤፍ 1.8 ለሚፈልግ ሰው ግን ብዙ ማሰብ አያስፈልገውም፣ ኦርጅናሉ ኤስቲኤም ራሱ ርካሽ ስለሆነ እሱን ግዙ።

ሱቅ ስትሄዱ የራሳቹን ካሜራና ሜሞሪ ይዛቹ ሂዱ፣ በተለይ ያገለገለ ከሆነ። የስልካቹን መብራት በሌንሱ ኋላ አስገብታቹ በፊት በኩል እዩ፣ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካያቹ ፈንገስ ነው፣ መልሱት። ትንሽ አቧራ ግን ፎቶ ላይ አይታይም፣ አያስደንግጣቹ። ከዛ ግድግዳ ላይ ጋዜጣ አስለጥፉ፣ ፊት ለፊት ቀጥ ብላቹ ቆማቹ አፐርቸሩን፣ ብርሃን የሚያስገባውን ቀዳዳ፣ እስከመጨረሻው ከፍታቹ አንሱና አራቱንም ጥግ ዙም አድርጋቹ አንብቡ። አራቱም እኩል ትንሽ ደብዘዝ ካሉ ችግር የለውም፣ ቀኙ ጥርት ብሎ ግራው ከደበዘዘ ግን ካሜራው ለግድግዳው ቀጥ ማለቱን አረጋግጡና ድገሙት፣ አሁንም እንደዛው ከሆነ የሌንሱ ውስጥ መስታወት ተዛብቷል፣ ሻጩ "የካሜራህ ሴቲንግ ነው" ቢላቹም አትስሙት። ሰውም አንሱ፣ ፎከሱ አይኑ ላይ ተደርጎ የጠራው ጆሮው ከሆነ ፎከሱ ወደ ኋላ ይስታል ማለት ነው። ለዲኤስኤልአር፣ ውስጡ መስታወት ላለው ካሜራ፣ የተሰሩት የሲግማ አርት ሌንሶች ዩኤስቢ ዶክ በሚባል መግጠሚያ ከኮምፒውተር ጋ ተያይዘው ይስተካከላሉ፣ ስለዚ ዶኩን ማግኘት የምትችሉ ከሆነ የፎከሱ መሳት ብቻውን ሌንሱን ጥሉት አያሰኝም። ዙሙንም አዙሩት፣ ታምሮን ብዙ ጊዜ ከካኖን በተቃራኒ ነው የሚዞረው፣ እጅ እስኪለምድ ያምታታል።

አሁን ወደ እቃው። ሁድ (ሌንሱ ፊት የሚገጠመው የብርሃን መከለያ)፣ ክዳን፣ ማንገቻ፣ ቦርሳ የማንም ይሁን፣ ከገጠመ በቃ። ባትሪ ግን ሌላ ነው። አንድ ቅዳሜ ሰርግ ላይ ስሙን እንኳን የማላውቀው ርካሽ ባትሪ ካሜራው ላይ ግማሽ እያሳየኝ ሙሽሮቹ ኬክ ሊቆርሱ ቢላውን እንደያዙ ድርግም አለ። ልቀይረው በሩን ከፍቼ ብስበው ወይ ፍንክች! ባትሪው አብጦ ውስጡ ተቀርቅሯል። ኬኩ ተቆረሰ፣ እኔ ጥግ ላይ ተንበርክኬ በጥፍሬ እየጎተትኩ ነበር፣ ያንን ፎቶ ለነዛ ልጆች ማንም አይመልስላቸውም። ስለዚ ቢያንስ ሁለት ኦርጅናል ባትሪ ይኑራቹ፣ ተጨማሪ ከፈለጋቹ ደሞ ስም ያለው ተርድ ፓርቲ ግዙና ለልምምድና ለትርፍ ሰአት አድርጉት። በቴፕ የተገዛበትን ወር ጻፉበት፣ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጡት ከወዘወዘ ማበጥ ጀምሯል፣ አትሰኩት።

ፍላሽ ላይ ግን ተርድ ፓርቲን ያለ ስጋት እመክራለሁ፣ ጎዶክስ የሚባለው የፍላሽ ብራንድ ስንቱን ስቱዲዮ ነው የያዘው። ብቻ ካሜራቹ ካኖን 250ዲ ወይ 4000ዲ ከሆነ ፍላሽ መግጠሚያው መሃል ላይ የምትኖረው ነጥብ የለችውም፣ በሷ ብቻ የሚሰራ ርካሽ ፍላሽና ትሪገር (ፍላሹን ከርቀት የሚያስነሳው) አይተኩስም፣ ስለዚ ሳትሞክሩ አትክፈሉ።

ሜሞሪ ላይ የካሜራው ብራንድ መሆኑ ዋጋ የለውም፣ ፌክ አለመሆኑ ነው ዋናው። 128 ጊጋ የሚል ተጽፎበት ውስጡ በጣም ያነሰ አለ፣ ሲሞላ ዝም ብሎ የተቀበለ ይመስልና ፋይሉ አይከፈትም። እንደገዛቹ ኤች2ቴስትደብሊው በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሙሉውን ሞልታቹ አስነብቡት፣ ጊዜ ይወስዳል፣ ማታ ከፍታቹለት ተኙ። ደረሰኙንና ማሸጊያውን እስኪጨርስ ድረስ አትጣሉ፣ ስህተት ካወጣ በማግስቱ ወደ ሻጩ ይዛቹት የምትሄዱት እሱን ነው።