ምንጣፍ ከመግዛታችሁ በፊት ወረቀት አንጥፉ

ይህን የምጽፈው ደሴ፣ ሆጤ፣ እናቴ ቤት ቁጭ ብዬ ነው። ከአሜሪካ ለሁለት ወር መጥቼ ነው። ጦሳ ጉም ለብሷል፣ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እየፈላ ነው፣ እኔ ግን ስልኬ ላይ ተተክያለሁ። የእህቴ ልጅ ከኮምቦልቻ ተነሥታ አሜሪካ ከገባች ገና ሦስት ወሯ ነው። ትናንት ማታ በቴሌግራም የምንጣፍ ፎቶ ላከችልኝ። ነጭ፣ ፀጉሩ ረጅም፣ የታጠበ ግልገል የመሰለ።

«አክስቴ፣ ቅናሽ ላይ ነው። ልግዛው?»

«ስንት በስንት ነው?»

«እኔ እንጃ፤ ትልቅ ነው።»

ይቺን «ትልቅ ነው» በደንብ አውቃታለሁ። የመጀመሪያ ቤቴን በተከራየሁ ሰሞን አንድ ሱቅ ገብቼ ተጠቅልሎ የቆመ ምንጣፍ አየሁ። ከእኔ ይረዝማል። ይሄማ ቤቱን ይሞላዋል ብዬ ገዛሁት። ቤት ወስጄ ስዘረጋው ሰፊ ትሪ ላይ የቀረች ቁራሽ እንጀራ መሰለ። ሶፋው ወዲያ፣ ወንበሩ ወዲህ፣ እሱ መሀል ላይ ብቻውን። ተጠቅልሎ የቆመ ምንጣፍ ቁመቱን እንጂ ስፋቱን አያሳይም። ይህን ያወቅኩት ከከፈልኩ በኋላ ነው።

አሜሪካ ምንጣፍ የሚለካው በጫማ ነው። እግራችን ላይ የምናጠልቀው ሳይሆን 30 ሳንቲሜትር ተኩል ገደማ የሆነው ጫማ። «5 በ 8» ካለ 1.5 ሜትር በ 2.4 ሜትር ነው። «8 በ 10» ደግሞ 2.4 በ 3 ሜትር። የኔ ቁራሽ እንጀራ 5 በ 8 ነበረች። አውሮፓ የገባችሁ በሳንቲሜትር ስለሆነ ይቀላችኋል፤ 160 በ 230 እና 200 በ 300 የሚሉትን ብዙ ታያላችሁ።

አሁን ለእህቴ ልጅ ያልኳትን ገና ውጭ አገር ለገባችሁት ለእናንተም ልበል። ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ወለሉ ላይ ወረቀት አንጥፉ። የፖስታ ሳጥናችሁ ውስጥ በየሳምንቱ የሚታጨቀው የሱፐርማርኬት ማስታወቂያ አለ አይደል? አትጣሉት። ሜትር አውጡና ልትገዙት ባሰባችሁት ልክ ወረቀቱን ደርድራችሁ በፕላስተር አያይዙት። ከዚያ አንድ ቀን ኑሩበት። ተራመዱበት፣ በሩን ክፈቱት፣ ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ቢያንስ የሶፋው የፊት እግሮች ወረቀቱ ላይ ካልወጡ ምንጣፉ ትንሽ ነው። በሩ ሲከፈት ምንጣፉ ላይ የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ በበሩ ሥር ያለውን ክፍተት ለኩ። ወፍራም ምንጣፍ ገዝቶ በር አልከፈት ያለው ሰው አውቃለሁ። ሰውዬው የገዛ ባሌ ነው።

የኛ ቤት ግን ሌላም መለኪያ አለው። የቤት ዕቃ መጽሔቶቹ ምንጣፉን የሚያሰሉት ለሶፋና ለጠረጴዛ ነው። እኛ ግን ቡና ስናፈላ ከሶፋው ወርደን እንቀመጣለን። ረከቦቱ አለ፣ የምታፈላዋ በርጩማ አለ፣ ማጨሻው አለ፣ ሰሌኑ ላይ እግሩን ዘርግቶ የሚቀመጥ አለ። እንግዲህ እሑድ ስንት ሰው ቤታችሁ እንደሚመጣ እናንተ ታውቃላችሁ። የተነጠፈው ወረቀት ላይ ረከቦቱን አስቀምጡና ዙሪያውን ቁጭ ብላችሁ እዩት።

መኝታ ቤት ብዙ አያስጨንቅም። ጠዋት እግራችሁ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ጠባብ ቁራጭ ይበቃል። ለምግብ ጠረጴዛ ግን ከጠረጴዛው ጠርዝ በየአቅጣጫው ቢያንስ 60 ሳንቲሜትር ይትረፍ፤ አለዚያ ወንበሩ ወደኋላ ሲሳብ የኋላ እግሩ ከምንጣፉ ይወርድና ይንገዳገዳል።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከምን ነው የተሠራው? በርካሽ የሚሸጡት አብዛኞቹ ምንጣፎች ፕላስቲክ ናቸው። ጀርባቸው ላይ ያለውን ጽሑፍ ብታነቡ ፖሊፕሮፒሊን ወይም ፖሊስተር ይላል። ክፉ አይደሉም። ይታጠባሉ፣ ቶሎ አይቆሽሹም፣ ልጅ ላለው ቤት ይመቻሉ። አንድ ጠላት ግን አላቸው። ፍም።

ያቺ ቁራሽ እንጀራዬ ስድስት ወር ሳይሞላት አንድ እሑድ ዕጣን ላጨስ ብዬ ማጨሻውን ሳነሣ አንዲት ፍም ተንሸራታ ወደቀች። ኮርኩሜ ለማውጣት ሁለት ሰከንድ አልፈጀብኝም። ግን ዘግይቻለሁ። ፀጉሩ ወደ ውስጥ ተሸበሸበና የአንድ ብር ሳንቲም የምታክል ጥቁር፣ ደረቅ፣ በጥፍር የማትነሣ ጠባሳ ሆነ። ቤቱ የተቃጠለ ፌስታል ሸተተ። ፖሊፕሮፒሊን 160 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ፍም ደግሞ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይግላል። ከዚያ ወዲያ ረከቦቴ ከዚያች ቦታ ተነሥቶ አያውቅም። እንግዳ «እንዴት አምሮ ተቀመጠ» ሲል ዝም እላለሁ።

አሁን የተቀመጥኩበት የእናቴ ምንጣፍ የበግ ፀጉር ነው። ከሰኞ ገበያ የገዛችው፣ ቀለም ያልነካው፣ ቡናማና ጥቁር። ዛሬ ጠዋት ስምንት የፍም ምልክት ቆጠርኩበት። እናቴ ፍም ሲወድቅ አትደነግጥም። ታነሣዋለች፣ ከዚያ በቢላ ጀርባ ፈቅፈቅ ታደርገዋለች። ጥቁሩ ዱቄት ሆኖ ይረግፍና ከሥሩ ጤነኛው ፀጉር ብቅ ይላል። የበግ ፀጉር እንደ ፕላስቲክ አይቀልጥም፤ ይከስልና በራሱ ይጠፋል። ስለዚህ ቡና የሚፈላበት ቤት ከሆነ፣ አቅም ካለ፣ ሱፍ ግዙ። ውድ ነው፤ አልዋሽም። ሲበዛ ለስላሳና ርካሽ ሆኖ «ሱፍ ነው» ካሏችሁ ተጠራጠሩ። ከጀርባው ጫፍ አንዲት ክር ስጡኝ በሉና ውጭ ወጥታችሁ በክብሪት ለኩሷት። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይፈርሳል። ፕላስቲክ ከሆነ ጠንካራ ዶቃ ሆኖ ይቀራል።

ፍም ካነሣን አይቀር አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ደሴ ከሰል ቤት ውስጥ አቀጣጥለን ቡና እናፈላለን፤ በሩ ክፍት ነው፣ ነፋሱም የደሴ ነፋስ ነው። አሜሪካ ያለው ቤት ግን በብርዱ ወቅት ድፍን ነው። ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። አይታይም፣ አይሸትም፣ ይገድላል። ቡናችሁን በጋዝ ወይም በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍሉ። ለዕጣን ትንሿን ከሰል ለኩሳችሁ መስኮት ክፈቱ። የጭስ ማስጠንቀቂያው ይጮሃል ብላችሁም ባትሪውን አታውጡ። እለምናችኋለሁ።

ከሱፍና ከፕላስቲክ ሌላ ሁለት ነገር ያጋጥማችኋል። አንዱ ጁት ነው፤ የጆንያ ክር በሉት። ያምራል፣ ሀገር ቤት ያስታውሳል። ግን ውሃ ሲነካው ይበልዛል፤ ቡና ከፈሰሰበትማ አለቀለት። ሁለተኛው ቪስኮስ የሚባለው ሐር መሰል ሰው ሠራሽ ክር ነው። «የቀርከሃ ሐር» ወይም «አርት ሲልክ» ብለው ሲሸጡት ዓይን ይማርካል፣ ያብረቀርቃል። ተራ ውሃ እንኳን ሲነካው ፀጉሩ ሻካራ ይሆናል፣ ቢጫም ይሆናል። እኔ በነጻ ቢሰጡኝም አልወስደውም።

የነጭ ነገርስ? የእህቴ ልጅ እንዳትቀየመኝ እንጂ፣ ነጭ ምንጣፍ ወጥ ለማይበላ ቤት ነው። የበርበሬ ዘይት አንዴ ከነካው ያቺ ብርቱካናማ ነገር አብራችሁ ትኖራለች። የተዘበራረቀ ጥለት ያለው፣ ጠቆር ወይም ቀላ ያለ ምረጡ። ቡና ሲፈስ ደግሞ አትፈትጉ! ነጭ ጨርቅ ጫን ጫን እያደረጋችሁ ምጠጡት፤ ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ከትንሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጋር። ወጥ ከሆነ መጀመሪያ በማንኪያ ጠርጉት፣ የበቆሎ ስታርች ነስንሱበትና ዘይቱን ይምጠጠው።

ምንጣፉ ሥር የሚነጠፍ ሌላ ስስ ንጣፍ አለ፤ ለብቻው ነው የሚሸጠው። ብዙዎቻችን ገንዘብ ማባከን ይመስለንና እንተወዋለን። ግን ለስላሳ ወለል ላይ ምንጣፍ ይንሸራተታል፤ ስኒ ይዛ የምትሄድ ሴት ሲያንሸራትት አስቡት። ከምንጣፉ በየጎኑ ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ያነሰ ይሁን፣ ጫፉ እንዳይታይ። የተከራያችሁት ቤት ወለል ቪኒል ከሆነ የጎማ ንጣፍ አትግዙ። ቢጫ ምልክት ትቶ ይቀራል፤ ስትወጡ ደግሞ ለቤቱ ካስያዛችሁት ገንዘብ ይቆረጣል። ንጣፉ የታመቀ ሱፍ ወይም ፌልት ይሁን።

ድምፅም አለ። ኮምቦልቻ ከበላያችሁም ከሥራችሁም ሰው የለም። እዚያ ግን የናንተ ወለል የሌላ ሰው ጣራ ነው። ሙቀጫ፣ የልጆች ሩጫ፣ እስክስታ፣ ሁሉም ወደ ታች ይወርዳል። ኒውዮርክ የገባችሁ የኪራይ ውላችሁን አንብቡ፤ ብዙው ውል ላይ 80 በመቶውን ወለል ሸፍኑ የሚል አንቀጽ አለ። ጎረቤት ሲያመለክትባችሁ ነው የሚመዘዘው።

ሶላት ለምትሰግዱ አንድ ነገር። ከደሴ ስንነሣ መካ ቀጥ ብላ ሰሜን ናት። ዋሽንግተን አካባቢ ግን ቂብላ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው፤ ክፍሉን ሰያፍ ያቋርጣል። ምንጣፉ በግድግዳው ልክ ተነጥፎ መስገጃው ጠመም ብሎ ሲዘረጋ መጀመሪያ ዓይን ይቆረቁራል። አብሽሩ፣ ይለመዳል። ብቻ መስገጃው የሚያርፍበት ጥግ ላይ ረጅም ፀጉር ያለው ምንጣፍ አይመችም፤ ግንባርም ጉልበትም ይሰምጣል፣ ንጽሕናውን መጠበቅም ያስቸግራል። ጫማ ደግሞ በር ላይ ይውለቅ። ይሄን እንኳን ለደሴ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ በክረምት ጭቃችን ተምረነዋል። እዚያ ጭቃው በረዶ ይሆንና መንገዱ ላይ ከሚበተነው ጨው ጋር ቤት ይገባል። በር ላይ የእግር መጥረጊያ አንጥፉ።

የወደቀ ምንጣፍ ከመንገድ አታንሡ። በወሩ መጨረሻ ሰው ቤት ሲለቅ ደህና ደህና ዕቃ አስፋልት ዳር ይቆማል፤ ያጓጓል። ትኋን ይዞ ይመጣል። ያገለገለ መግዛት ካማራችሁ ከሰው ቤት ግዙና ገልብጡት፤ ጀርባውን በስልክ መብራት እዩ። የሱፍ ከሆነ ብል የበላው ቦታ ራሰ በራ ሆኖ ይታያል። በእጅ የተሠራ ነው ካሏችሁም ጀርባው ነው የሚናገረው፤ ጥለቱ ከፊቱ እኩል ጥርት ብሎ ከታየ፣ ዘርፉም ከራሱ ከክሩ የወጣ እንጂ የተሰፋ ካልሆነ፣ እውነታቸውን ነው።

ትልልቅ ሱቅ ውስጥ ዋጋ አይከራከሩም። የኢራን ወይም የአፍጋን ነጋዴዎች ሱቅ ከገባችሁ ግን የሰኞ ገበያን ችሎታ አውጡት፤ ሻይ ሁሉ ሊቀርብላችሁ ይችላል። ደረሰኝ ደግሞ አትጣሉ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ እያየን ስላደግን መመለስ ያሳፍረናል። እዚያ ነውር አይደለም። ስንት ቀን እንደሚሰጧችሁ ጠይቃችሁ ግዙ። እንዲያውም ቸኩላችሁ አትግዙ፤ ፍራሽ ይቀድማል።

እህቴ ይህን ሁሉ በስልክ ስትሰማ ቆይታ «እትዬ፣ ለምን ከዚህ አንልክላትም?» አለች። ወደ አሜሪካ በኢኮኖሚ ለሚበር ሰው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚፈቅደው 23፣ 23 ኪሎ ሁለት ሻንጣ ነው። ሁለት በሦስት ሜትር የሱፍ ምንጣፍ አንዱን ሻንጣ ብቻውን ይበላዋል። በዚያ ኪሎ ሽሮና በርበሬ ይሂድ አልኳት። አጎዛ ልላክ እንዳትል ደግሞ ያልተለፋ ቆዳ ጉምሩክ ላይ ሊወሰድ እንደሚችል ነገርኳት።

ዛሬ ከሰዓት ከልጅቷ ሌላ ፎቶ መጣ። ወለሉ ላይ የዶሮና የለስላሳ ማስታወቂያ ተደርድሮ በፕላስተር ተጣብቋል። እሷ ጫፉ ላይ እግሯን አጣጥፋ ተቀምጣለች፤ ፊቷ ሦስት ስኒ። «8 በ 10 ነው የሚሆነኝ» ብላ ጽፋለች። ከሥሩ ደግሞ «ነጩን ግን አሁንም እወደዋለሁ።»

ስልኩን ለእናቴ ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየችው። «ምነው ልጄን፣ ወረቀት ላይ ነው እንዴ የምትቀመጠው?» አለች። ላስረዳት ስል ተነሥታ የራሷን ምንጣፍ ከጫፉ መጠቅለል ጀምራለች። የ23 ኪሎውን ነገር ማን ይንገራት።