የአውራ ጣት ሥር ሲያም፦ ኦፕራሲዮን ልደረግ ወይስ ልቆይ?

ለዚህ ውሳኔ ሐኪም ፊት የሚቀርብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቀድመው ራጁን ነው፤ ነገር ግን ራጅ ብቻውን ኦፕራሲዮን የሚያስፈልገውንና የማያስፈልገውን አይለይም። አጥንት ከአጥንት ሲፋተግ በራጁ የሚታይበት ሰው ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ሊውል ይችላል፤ ጉዳቱ በራጅ እምብዛም የማይታይ ሌላ ሰው ደግሞ የበር ቁልፍ ማዞር ያቅተዋል። ስለዚህ ነገሩ መጀመር ያለበት እጁ የትኛውን ሥራ እንደተወና የትኛውን በሕመም እየሠራ እንደሆነ ለይቶ ከማወቅ ነው።

እናቴን ይዤ የሄድሁ ዕለት ወጣቱ ሐኪም «እማማ፣ የቱ ጋ ነው የሚያምዎት?» ብሎ ሲጠይቃት «እጄ በሙሉ» አለችው። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የውኃ ጠርሙስ ሰጥቶ «ይክፈቱልኝ» ሲላት ግን ፊቷ ተጨማደደ፤ ከእጅ አንጓዋ አለፍ ብሎ በአውራ ጣቷ ሥር ያለውን መገጣጠሚያ ጫን ሲለው እጇን ነጠቀችው። ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ ቡና የምትቀዳው ጀበናውን በግራ እጇ ከሥር ደግፋ ነበር፤ አጠገቧ ተቀምጬ ስጠጣ ልብ አላልሁም።

ይህ መገጣጠሚያ በተለይ ካረጡ ሴቶች ዘንድ በብዛት ይጎዳል። በሁለት ጣት ጫፍ አንድን ነገር ቆንጥጠን ስንይዝ በአውራ ጣት ሥር የሚያርፈው ጫና ከአያያዙ ኃይል ከአሥር እጥፍ በላይ ስለሚሆን፣ እንጀራ ቆርሶ መጠቅለልን፣ ልብስ መጭመቅንና እንዝርት ማሾርን የመሰሉ ቀላል የሚባሉ ሥራዎች ሕመሙን ያባብሱታል። ከቀጠሮው በፊት ለሁለት ሳምንት ያህል የትኛው ሥራ እንዳመመ፣ ሕመሙ ከአሥር ስንት እንደሆነ፣ ስንት ሌሊት ከእንቅልፍ እንደቀሰቀሰና ስንት ክኒን እንደተዋጠ በደብተር መመዝገብ ይጠቅማል፤ ይህን ይዞ የቀረበ ታካሚ «ያመኛል» ከሚል ብቻ ይልቅ ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል።

ቀጥሎ የበሽታው ዓይነት መለየት አለበት፤ እኛ ሁሉንም «ሪህ» እንለዋለን እንጂ ሕክምናቸው አንድ አይደለም። ሪህ በትክክለኛው ትርጉሙ፣ ማለትም በዩሪክ አሲድ ክምችት የሚመጣው፣ በዋናነት የሚታከመው በመድኃኒት ነው። ጠዋት ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ እጅን የሚያደርቅ፣ የሁለቱንም እጆች ጣቶች ሥር የሚያሳብጥ ከሆነ ሩማቶይድ አርትራይተስ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት በሽታ፣ ሊሆን ስለሚችል፣ በሳምንት አንድ ጊዜ እንደሚወሰደው ሜቶትሬክሴት ባሉ መድኃኒቶች በሽታውን መቆጣጠር ይቀድማል። ሆኖም ሩማቶይድ ያለበት ሰው ትንሿ ወይም የቀለበት ጣቱ በድንገት አልቃና ካለው ጅማት ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ መጠበቅ የለበትም። አውራ፣ ጠቋሚና መሀል ጣት የሚደነዝዙ፣ የአውራ ጣት ሥር ሥጋም እየሟሸሸ የሚሄድ ከሆነ ነርቭ ተጨንቆ ሊሆን ይችላልና ይህም ሳይዘገይ መታየት ይገባዋል።

ከመገጣጠሚያ ማርጀት የመጣ የአውራ ጣት ሕመም ግን አጣዳፊ ስላልሆነ ጊዜ አለ። አውራ ጣትን ደግፎ የሚይዝ ስፕሊንት በሥራ ሰዓት ለተከታታይ ሳምንታት ማድረግ፣ ፊዚዮቴራፒስት ያሳየውን የእጅ እንቅስቃሴ መሥራት፣ የዲክሎፌናክ ቅባት መቀባት፣ የማማሰያና የቢላዋ እጀታን ጨርቅ ጠቅልሎ ማወፈር፣ ጀሪካን በሁለት እጅ ማንሣት፣ እነዚህ ሁሉ ከልብ ሳይሞከሩ ኦፕራሲዮን ክፍል መግባት ጥድፊያ ነው ባይ ነኝ። የዲክሎፌናክና የአይቡፕሮፌን ክኒን ከመድኃኒት ቤት እየገዙ ወራት መዋጥ ግን ጨጓራን ያቆስላል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፣ የደም ግፊትንም ይጨምራል። ወጌሻ ዘንድ ሄዶ መታሸት ያለቀውን ልስልስ አጥንት አይመልስም፤ በኃይል ከተሳበ ደግሞ የላላውን መገጣጠሚያ ይበልጥ ሊያላላው ይችላል። የስቴሮይድ መርፌ ለሳምንታት ወይም ለወራት ያሳርፍ ይሆናል፤ ይሁን እንጂ መርፌ ከተወጉ በኋላ ቶሎ ኦፕራሲዮን መደረግ የኢንፌክሽንን ዕድል ስለሚጨምር ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ ሦስት ወር ያህል ይጠብቃሉ፤ የመጨረሻውን መርፌ ቀን መናገር ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ሕመሙ እንቅልፍ የሚነሣና ሥራ የሚያስተው ሆኖ ከቀጠለ ስለ ኦፕራሲዮን ማሰብ ተገቢ ነው። በብዛት የሚሠራው በአውራ ጣት ሥር ያለችውን ትንሽ አጥንት ማውጣት ነው። አንዳንድ ሐኪሞች አጥንቷ የወጣችበትን ቦታ ከክንድ በተወሰደ ጅማት ይሞሉታል፤ ሆኖም ሁለቱን ያነጻጸሩ ጥናቶች ጅማት መጨመሩ ሕመምን በመቀነስም ሆነ ጉልበትን በመመለስ ብልጫ እንዳለው አላሳዩም፤ ስለዚህ ቀለል ያለው የቀረበለት ታካሚ የተጎደለበት ነገር ያለ ሊመስለው አይገባም። ሌላው መንገድ መገጣጠሚያው ከእንግዲህ እንዳይንቀሳቀስ አጥንቶቹን አንድ ላይ ማጋጠም ሲሆን፣ ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ ለሚሠራ ወጣት ይመረጣል፤ ነገር ግን መዳፍን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ማስቀመጥ ያስቸግራል። በጣት ጫፍ ላይ ላሉ መገጣጠሚያዎችም የሚሠራው በአብዛኛው ማጋጠም ነው፤ በጣቶች ሥር ላሉት የሲሊኮን መገጣጠሚያ ይገባል፣ እሱም ከዓመታት በኋላ ሊሰበር ይችላል። በሁሉም ዘንድ ዋናው ትርፍ የሕመሙ መቀነስ ስለሆነ ለመልክ ብሎ የማያም ጣትን ማስቀደድ አልመክርም።

ብዙዎች የሚዘነጉት የማገገሚያውን ጊዜ ነው። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት እጁ በጄሶ ወይም በስፕሊንት ይታሰራል፤ የዘወትር ሥራ ከሞላ ጎደል የሚቻለው ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ሲሆን ጉልበቱ እስኪመለስ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ሊወስድ ይችላል። በዚህ ጊዜ እንጀራ የሚጋግር፣ ልብስ የሚያጥብ፣ ቀኝ እጅ ከሆነም የሚያጎርስ ሰው በቤት ውስጥ አለ ወይ? ልብስ ሰፊ፣ ሹፌር ወይም የቀን ሠራተኛ የሆነ ሰው ለእነዚያ ወራት የሚተዳደርበትን ሳያስብ ቀን መቁረጥ የለበትም። ከውጭ አገር ለሦስት ሳምንት ዕረፍት መጥቶ እዚህ ልሠራው የሚልም ሰው ጄሶው የሚፈታውና ፊዚዮቴራፒው የሚደረገው ከተመለሰ በኋላ መሆኑን ይወቅ። ሁለቱንም እጅ በአንድ ጊዜ መሠራት ደግሞ ራስን ያለ እጅ ማስቀረት ነው።

ከሐኪሙ ጋር ሲቀመጡ ይህን ኦፕራሲዮን በራሱ ስንት ጊዜ እንደሠራ፣ ማደንዘዣው የክንድ ብቻ ሊሆን ይችል እንደሆነ፣ የስፕሊንቱና የፊዚዮቴራፒው ዋጋ በተነገረው ሂሳብ ውስጥ መግባቱን መጠየቅ ነውር የለውም። ከሚያጋጥሙት ችግሮች መካከል ኢንፌክሽን፣ በአውራ ጣት ጀርባ የሚቀር መደንዘዝና እጅ ደርቆ ለረጅም ጊዜ ማመም ይገኙበታል። ስኳር ያለበት ሰው ስኳሩን አስቀድሞ ያስተካክል፤ የሚያጨስም ያቁም፣ በተለይ አጥንት የሚጋጠም ከሆነ ማጨስ አጥንቱ እንዳይያያዝ ያደርጋልና። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ መናገር ግድ ነው፤ በተለይ ፕሬድኒሶሎን የተባለው የስቴሮይድ ክኒን ለጠበልም ሆነ ለሌላ ምክንያት ያለ ሐኪም ፈቃድ በድንገት አይቋረጥም።

እናቴ በስፕሊንቱ አንድ ዓመት ከቆየች በኋላ፣ እህቴ ከእኛ ጋር የምትከርምበትን ወቅት ጠብቃ ቀኝ እጇን ተሠራች። አሁን ጀበናውን በአንድ እጇ ታነሣለች፤ የጠርሙስ ክዳን ግን ዛሬም የምንከፍትላት እኛ ነን። ሐኪሙ ግራውንስ ብሎ ሲጠይቃት «እሱ ገና ይሠራል» ብላ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው።