የእማማን የልደት ቁርስ የሚያበላሹ ስህተቶች

ብዙዎቹ አያቶቻችን በልጅነታቸው ልደት አክብረው አያውቁም። ኬክና ሻማ በኋላ የመጣ ነገር ነው። አሁን ግን የልጅ ልጆች ተሰባስበው «ዘንድሮ ለእማማ ቤት ውስጥ ቁርስ እንሥራላቸው» ማለት ጀምረዋል። ሐሳቡ ግሩም ነው። ቁርስ መሆኑም ደግ ነው፤ ትልልቅ ሰዎች ማለዳ ነቃ ይላሉ፣ ማታ ቶሎ ይደክማቸዋል። ችግሩ ያለው አደራረጉ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ባለልደቷ በገዛ ቁርሳቸው ላይ ወይ እንግዳ ወይ አብሳይ ሆነው ያርፉታል።

ጾሙን ሳያዩ ቀን መቁረጥ

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ልደቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ዋለ እንበል። እማማ ጿሚ ናቸው። ቅቤ የጠጣ ጨጨብሳ አቅርቦ «ዛሬ እንኳን ይብሉ እንጂ» ማለት ነውር ነው። የጾም ምግብ ብትሠሩም አይሆንም፤ አጥባቂዎቹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። ወደ ቅዳሜ ወይም ወደ እሑድ ግፉት። በሁዳዴ ውስጥ እንኳ፣ ከፋሲካ ዋዜማው ከቀዳም ሥዑር በቀር፣ በእነዚህ ሁለት ቀናት ጠዋት ይበላል፤ ምግቡ ብቻ ከቅቤ፣ ከወተትና ከእንቁላል የጸዳ ይሁን። ጨጨብሳ በዘይት፣ ቅንጬ በዘይት፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ምን ጎደለ? ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ግን ረቡዕና ዓርብም ፍስክ ስለሆነ እንደ ልባችሁ።

እሑድ ላይ ቅዳሴ አለ። እማማ ሳይቀምሱ ሄደው ነው የሚያስቀድሱት። ስለዚህ «ዛሬ ይቅሩ» ብላችሁ አታስጨንቋቸው። ሲመለሱ ትኩስ ነገር ይጠብቃቸው። አያታችሁ ሙስሊም ከሆኑ ደግሞ ከረመዳን ሌላ ሰኞና ሐሙስ ይጾሙ እንደሆነ አስቀድማችሁ አጣሩ።

ዕድሜ በስልክ ካሌንደር ማስላት

እማማ «ጥር 1938 ተወለድኩ» ይላሉ። ልጁ ስልኩን ያያል፣ 2026 ይላል፣ ይቀንሳል፣ 88 ይወጣዋል። ሻማውም 88 ተብሎ ይገዛል። እሳቸው ግን ጥር 2018 ላይ ገና 80 ነው የሞላቸው። ስምንት ዓመት የተጨመረባቸው ሴት አይስቁም! በራሳችን አቆጣጠር አስሉ።

ቀኑን በእርግጠኝነት የማያውቁም ሞልተዋል። «ጣሊያን በወጣ በዓመቱ» ይላሉ፤ ጣሊያን የወጣው በ1933 ስለሆነ 1934 ማለታቸው ነው። ዕለቱን በታቦት የሚያስታውሱም አሉ፤ «የጥር ማርያም ዕለት» ካሉ ጥር 21 ነው። ይሄ ከበቂ በላይ ነው። መታወቂያ አውጥቶ መከራከር አያስፈልግም።

በሌሊት ልብሳቸው መያዝ

ሰርፕራይዝ የሚባለው ነገር ለወጣት ይሁን። በር ከፍቶ ድንገት መጮህ ልብ ያስደነግጣል። ከዚያ የከፋው ደግሞ ፎቶው ነው። እማማ ጸጉራቸውን ሳይሠሩ፣ ነጠላቸውን ሳይደርቡ ስልክ ከተደቀነባቸው ያን ፎቶ ዕድሜ ልካቸውን አይወዱትም። ከዋዜማው ንገሯቸው። ሐበሻ ቀሚሳቸው ይታጠብ፣ ይተኮስ። ምግቡ ሰርፕራይዝ ቢሆን ይበቃል።

ሁሉንም ልሥራ ማለት

ጨጨብሳ፣ ገንፎ፣ ፉል፣ እንቁላል ስልስ፣ ጥብስ ፍርፍር፣ ፓንኬክ... አንድ ምድጃ፣ ሦስት ሴቶች፣ አንድ የሚያናድድ ወንድም። ውጤቱ ሁሉም የቀዘቀዘ ነው። አንድ ዋና ምግብ ምረጡና በደንብ ሥሩት። እኔን ብትጠይቁኝ ገንፎ ነው የምለው። ወላድ ሲጠየቅ የሚበላው ገንፎ ነው፤ ታዲያ ለልደት ከሱ የተሻለ ምን አለ? ለጥርስም አይከብድም።

ገንፎ ግን ቀልድ አይወድም። የገብስ ዱቄቱን በአንዴ ገልብጣችሁ ብትከቱት ይጓጉላል፣ ውስጡም ጥሬ ይቀራል። ጨው ያለው ውሃ ሲንተከተክ ዱቄቱን በትንሽ በትንሹ እየጨመራችሁ አማስሉ። ማማሰያው ጠንካራ፣ ክንዱም እንደዚያው ይሁን። ሲጠጥር የፈላ ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ፣ እሳቱን ቀንሳችሁ በደንብ ይብሰል። ሳህን ላይ ሲወጣ መሐሉን አጎድጉዳችሁ ቅቤና በርበሬውን አፍስሱበት፤ ዙሪያውን እርጎ ቢሆን ደግሞ ያምራል። ሰው ሳይቀመጥ ግን አታውጡት፤ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል።

ጨጨብሳ ለመረጠ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በርበሬውን በጋለ ቅቤ ላይ አትጨምሩ፤ ያርና ይመራል። ቅቤው ከቀለጠ በኋላ ከእሳት አውርዱት፣ ከዚያ በርበሬው፣ ከዚያ ገና ትኩስ ሆኖ የተቆራረሰው ቂጣ። ማታ ተጋግሮ ያደረ ቂጣ ቅቤ አይጠጣም።

ድፎ ዳቦ ብቻ ነው ከዋዜማው ተጋግሮ የሚያድረው። ሊጡ ኩፍ እስኪል ጊዜ ይፈልጋል፤ ጠዋት ከጀመራችሁት ቁርሱ ምሳ ይሆናል። ሲወጣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት። ትኩሱን የቆረጠ ሰው የሚያገኘው ሙጫ ነው።

መድኃኒቱን መርሳት

ስኳር ያለባቸው አያት ኢንሱሊን ወግተው ወይም ክኒናቸውን ውጠው፣ ቁርሱ «አንድ እንግዳ ቀርቷል» ተብሎ ሁለት ሰዓት ከዘገየ ስኳራቸው ሊወርድ ይችላል። ይህ አደገኛ ነው። የዘገየው ይዘግይ፣ እሳቸው በሰዓታቸው ይብሉ። ማርም ለስኳር ያው ስኳር ነው፤ «ተፈጥሯዊ ነው» ብሎ ጨጨብሳው ላይ ማንቆርቆር አይሠራም። ደም ግፊት ካለ ጨው ቀንሱ። ጨጓራ ካለ ሚጥሚጣውን ለብቻ አቅርቡ።

ሥራውን ለባለልደቷ መስጠት

«እማማ፣ ቅቤው የት ነው? እማማ፣ ይሄ በቃው እንዴ?» አምስት ጊዜ ከተጠሩ በኋላ እማማ መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው ኩሽና ይገባሉ። ከዚያ ማን ያወጣቸዋል? ዕቃው የት እንዳለ ከዋዜማው እዩ። ቡናውንም ሌላ ሰው ያፍላ፣ እሳቸው አቦሉን ብቻ ይቅመሱና ይፍረዱ። ይፈርዳሉም።

የእሳቸው የሆነውን ደግሞ አትንጠቋቸው። ዳቦውን ቆርሰው የሚሰጡት እሳቸው ወይም አባባ ናቸው። ቢላዋውን ለልጅ ሰጥቶ ቪዲዮ መቅረጽ አያምርም። ከዚያ ምርቃት አለ። ሙዚቃው ይጥፋ፣ ስልክ ይቀመጥ፣ ሁሉም ቆሞ «አሜን» ይበል። ምርቃቱ ይረዝማል፤ ገንፎው ስለሚቀዘቅዝ ከመቅረቡ በፊት ይሁን።

ውጭ ያሉትን በአጉል ሰዓት መደወል

አዲስ አበባ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነው፤ በበጋቸው ስምንት። አንዱ ልጅ ዓይኑን እያሻሸ ይቀርባል፣ እማማም «ታመመ እንዴ?» ብለው ቀኑን ሙሉ ይጨነቃሉ። ዱባይ ያለችው ልጅ የምትቀድመን በአንድ ሰዓት ብቻ ስለሆነ ቁርሱ ላይ ይደወልላት። አሜሪካ ያሉት አስቀድመው ቪዲዮ ይላኩ፤ በቀጥታ ማውራት ከፈለጉ እኛ ጋ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲል እዚያ ነግቷል። እማማም ያን ጊዜ ተኝተው ተነሥተዋል።