በቡድን በሚጫወቱት የሚና ጌም ንግግሩን የሁሉም ማድረግ የሚቻለው እንዴት ነው?

እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ካራክተር ይዞ በታሪኩ ውስጥ እንደዚያ ሰው ሆኖ የሚወስንባቸው የሚና ጌሞች፣ ወይም በተለምዶ አርፒጂ የሚባሉት፣ ከውጊያው ባልተናነሰ በንግግር የተሞሉ ናቸው። በውጊያ ጊዜ ለሁሉም ተራ ስለሚደርሰው ማንም አይሰለችም። ንግግር ሲጀመር ግን ብዙውን ጊዜ አንዱ ብቻ ከመንደሩ ሹም ወይም ከነጋዴው ጋር ይነጋገርና የቀሩት ስክሪን እያዩ ይጠብቃሉ፣ ስልካቸውን ያነሳሉ፣ አለዚያም ካራክተራቸውን ይዘው ለብቻቸው ይሄዳሉ። እኛ ደሴ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት ላፕቶፕ ተሸክመን አንድ ቤት እየተሰበሰብን እንጫወታለን፤ ከአራታችን ሁለቱ የሐረጎን ዳገት ወጥተው ከኮምቦልቻ ይመጣሉ። ያን ሁሉ መንገድ የመጣ ሰው ሌላው ሲጫወት አይቶ ሲመለስ ከልቤ አዝን ነበር። ከዚህ በታች ይህን ለማስተካከል የሞከርነውንና የበጀንን በቅደም ተከተል እጽፋለሁ።

መጀመሪያ፣ የምትጫወቱት ጌም ንግግርን በምን ሥርዓት እንደሚያካሂድ ለዩ። ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። በ2011 የወጣው ስታር ዋርስ፡ ዘ ኦልድ ሪፐብሊክ በቡድን ንግግር ጊዜ ሁሉም መልሱን በየግሉ እንዲመርጥ ያደርግና ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 100 ቁጥር ያወጣለታል፤ ትልቁ ቁጥር የደረሰው ተጫዋች ካራክተሩ ይናገራል። ዕጣው ያልወጣለትም ቢሆን የመልካምነት ወይም የክፋት ነጥቡን የሚያገኘው ራሱ በመረጠው መልስ መሠረት ስለሆነ፣ ምርጫው ከንቱ አይቀርም። በ2014 የወጣው ዲቪኒቲ፡ ኦሪጂናል ሲን ደግሞ ሁለቱ ዋና ካራክተሮች ሳይስማሙ ሲቀሩ እርስ በርስ ያከራክራቸውና ክርክሩን በድንጋይ፣ ወረቀትና መቀስ ጨዋታ ይቋጨዋል። ይህንኑ ጌም የሠራው የቤልጅየሙ ላሪያን ስቱዲዮስ በ2023 ያወጣው ባልዱርስ ጌት 3 እስከ 4 ሰው ያጫውታል፤ በዚህኛው ውሳኔው የሚቀረው ንግግሩን በጀመረው ሰው እጅ ነው። ሌሎቹ የማዳመጫውን ምልክት ተጭነው ንግግሩን መከታተልና የወደዱትን መልስ በማመልከት ሐሳብ መስጠት ይችላሉ፤ የመጨረሻውን ምርጫ ግን ሊነጥቁት አይችሉም። የመጀመሪያው ሥርዓት አድልዎ የለውም፣ ነገር ግን ሁሉን ለዕድል ይተዋል። የመጨረሻው መግባባትን ለተጫዋቾቹ ስለሚተው ከሁሉም ይልቅ ቀድሞ መስማማትን ይጠይቃል። እኛ የምንጫወተው እሱን በመሆኑ ምሳሌዎቼ በአብዛኛው ከዚያ የተወሰዱ ናቸው።

ሁለተኛው ሥራ ተናጋሪውን ከንግግሩ በፊት መምረጥ ነው። ለጋብቻ ጥያቄ ሽማግሌ ሲላክ፣ ሽማግሌዎቹ የልጅቷ ቤተሰቦች ደጃፍ ከደረሱ በኋላ ማን እንደሚናገር አይከራከሩም፤ በመንገድ ላይ ይመካከሩና አንዱን ይወክላሉ፣ የቀሩት ደግሞ አጠገቡ ተቀምጠው ሲጎድል ይሞሉለታል። እኛም ይህንኑ ሥርዓት ወስደን የየዕለቱን ተናጋሪ አፈ ጉባኤ እንለዋለን። አፈ ጉባኤው የጉባኤው አፍ እንጂ ጉባኤው ራሱ አለመሆኑን ስሙ ያስታውሰናል።

እዚህ ላይ አብዛኛው ቡድን የሚሳሳተው ምርጫውን ለቁጥር ብቻ በመተው ነው። በባልዱርስ ጌት 3 ማሳመን፣ ማታለልና ማስፈራራት የሚለኩት ካሪዝማ በሚባለው ችሎታ ስለሆነ፣ ባርድ (ዘፋኝ ባለ ድግምት) ወይም ሶርሰረር (በተፈጥሮው ባለ ድግምት የሆነ) የያዘው ልጅ ሁልጊዜ ፊት ይቀመጣል፤ ጉልበተኛ ተዋጊ የያዘው ደግሞ ጨዋታው እስኪያልቅ ድረስ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ይቀራል። ቁጥሩን ከተከተላችሁ በርግጥ ብዙ ክርክር ታሸንፋላችሁ። እኔ ግን ጥቂት ክርክር ተሸንፎ አራት ተናጋሪ ያለው ቡድን ይሻላል ባይ ነኝ። ስለዚህ ደንባችን ነገሩ የሚመለከተው ካራክተር ይናገር የሚል ነው፤ ስለ ቤተ መቅደስ ከሆነ ቄሱ፣ ስለ ጫካ ከሆነ የተፈጥሮ ድግምተኛው ድሩይድ፣ የአንዱ ካራክተር የቆየ ጠላት ከመጣ ደግሞ ራሱ ባለ ጉዳዩ ፊት ይቀርባል። ባለ ጉዳይ በማይኖርበት ጊዜ ተራ እንገባለን። ደካማ ካሪዝማ ያለው ሰው ሲናገር ጓደኞቹ ሊያግዙት ይችላሉ፤ ለምሳሌ ቄስ የያዘው ተጫዋች ጋይዳንስ የሚባለውን ድግምት ከንግግሩ በፊት ቢያደርግለት፣ ንግግሩ መሳካቱን ለመለየት በሚጣለው ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ላይ ከ1 እስከ 4 ይጨመርለታል። በዚህ መንገድ ባለ ድግምቱም የንግግሩ ተካፋይ ይሆናል።

ሦስተኛው ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ነው፤ የተጻፈውን ጮክ ብላችሁ ወደ አማርኛ መልሱት። ጌሞቹ በእንግሊዝኛ ናቸው። እንግሊዝኛ የሚፈጥነው ልጅ መስመሩን በዓይኑ ጨርሶ መልሱን ሲጫን፣ ቀስ ብሎ የሚያነበው ጓደኛው ገና የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው፤ እፍረት ስለሚይዘውም አልገባኝም አይልም። ከእኛ አንዱ ለብዙ ሳምንታት በዝምታ ሲቀመጥ ንግግር የማይወድ መስሎን ነበር፤ ወደ አማርኛ መመለስ ስንጀምር ግን ከሁላችን በላይ ተከራካሪው እሱ ሆነ። አሠራሩ ቀላል ነው። አፈ ጉባኤው ጌሙ ራሱ የሚያናግረው ካራክተር የተናገረውን ፍሬ ነገር በአንድ ወይም በሁለት ዓረፍተ ነገር ያስረዳል፣ ቀጥሎም የቀረቡትን መልሶች አንድ በአንድ ይዘረዝራል፤ ቃል በቃል መተርጎም አያስፈልገውም።

በዚህ ሥራ ውስጥ ያላሰብነው ትልቅ ነገር ተገኘ። እንግሊዝኛው ለሕፃኑም ለሹሙም ለሽማግሌውም አንድ ዓይነት መጥሪያ ነው ያለው፤ አማርኛው ግን አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ አንቱ እያለ ያስመርጣል። ስለዚህ አፈ ጉባኤው አፉን ከመክፈቱ በፊት ቡድኑ ይህን ሰው ምን ብለን እንጥራው ብሎ መጠየቅ አለበት። አንዲት ሽማግሌ ሴት መንደሯን በር ዘግታ ስትጠብቅ ብናገኛት፣ «በሩን ክፈቺ» ማለትና «እማማ፣ በሩን ቢከፍቱልን» ማለት ሁለት የተለያዩ ካራክተሮች ናቸው። እንግሊዝኛው ላይ ሁለቱም ያው አንድ መስመር ሊሆኑ ይችላሉ። እንዴት እንደምንላት ስንወያይ ግን ካራክተሮቻችን እነማን እንደሆኑ ይገለጣል፤ አንዱ ጨዋ ነው፣ አንዱ ድፍረት ያበዛል፣ አንዱ በአንቱታ እየተናገረ ያታልላል። የትኛው መልስ ማሳመን፣ የትኛው ማስፈራራት እንደሆነም ያኔ በጆሮ ይለያል። ጓደኞቻችሁ ንግግር ይሰለቻቸዋል የምትሉ ከሆነ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ይህን አንድ ነገር ብቻ ሞክሩ።

አራተኛ፣ አንድ የማቆሚያ ቃል ይኑራችሁ። የእኛው «ቆይ» ነው። ማንም ሰው ቆይ ካለ አፈ ጉባኤው እጁን ከማውዙ ያነሳል፣ ጠያቂው ሐሳቡን እስኪጨርስም መልስ አይጫንም። ጌሙ መልስ እስክትመርጡ ድረስ ስለሚጠብቃችሁ የሚያጣድፋችሁ ነገር የለም። ቆይ ያለው ሰው ሐሳቡን ሲናገር ግን በሁለት አንደበት እንዳይናገር መጠንቀቅ ይገባዋል። «ይህን ምረጥ፣ ሽልማቱ ይበልጣል» የሚለው የተጫዋቹ ንግግር ነው፤ «ይህ ሰው ወንድሜን ሸጦታል፣ እኔ አላምነውም» የሚለው የካራክተሩ ነው። ሁለቱም ቦታ አላቸው፣ ነገር ግን የካራክተሩ ቢቀድም ጨዋታው ይሞቃል። ብዙ ጊዜ ቆይ የሚለው ያው አንድ ሰው ከሆነ ደግሞ ገላምጣችሁ አታሳፍሩት፤ በሚቀጥለው ንግግር አፈ ጉባኤ አድርጉት።

በንግግር ጊዜ ሌሎቹ ካራክተሮች ወዲያ ወዲህ መሄድ ስለሚችሉ ይህም ስምምነት ይፈልጋል። አንዱ ነጋዴውን በወሬ ይዞት ሌላው ከኋላ ኪሱን መዳበስ በዚህ ዓይነት ጌም የታወቀ ዘዴ ነው፣ ሲሳካም ያስደስታል። ሳይነግር የሚሰርቅ ሰው ግን ሲያዝ የጓደኛውንም ንግግር ያበላሽበታል። ስለዚህ ስርቆት የሚፈቀደው አስቀድሞ ለተናገረ ብቻ ይሁን።

አምስተኛ፣ በዳይስ የወጣውን ውጤት ስለመቀበል ጨዋታው ሳይጀመር ተስማሙ። በባልዱርስ ጌት 3 ዳይሱ 1 ካሳየ ችሎታችሁ ምንም ያህል ቢሆን ሙከራው ይከሽፋል፣ 20 ከሆነ ይሳካል፤ ኢንስፒሬሽን የተባለ ነጥብ ካጠራቀማችሁ ደግሞ እንደገና መጣል ትችላላችሁ። ከዚያ ያለፈው መንገድ ቀድሞ የተቀመጠ ሴቭ (ጨዋታው የደረሰበትን የሚይዝ ፋይል) ከፍቶ ንግግሩን ከመጀመሪያው መድገም ነው። እኛ ይህን ከልክለናል፤ ምክንያቱም አፈ ጉባኤው በተሸነፈ ቁጥር የሚደገም ከሆነ፣ ሦስቱ አድማጮች ያንኑ ንግግር ሁለትና ሦስት ጊዜ ይሰማሉ፣ ደካማ ካሪዝማ ያለው ልጅም ዳግመኛ ለመናገር አይደፍርም። መድገም የምንፈቅደው በስሕተት ሌላ መልስ ሲጫንና መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው። የመብራቱን ነገር በዋዛ አትዩት። ረጅም ንግግር ሊጀመር ሲል አፈ ጉባኤው ሴቭ ማድረጉን ጮክ ብሎ ይናገር። ላፕቶፑ በባትሪው ቢቆይ እንኳን አራቱን የሚያገናኘው ራውተር አብሮ ከጠፋ ግንኙነቱ ይቋረጣል።

ርቀት ላይ ሆናችሁ የምትጫወቱ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከፊሎቹ ደሴ ከፊሎቹ ኮምቦልቻ ቢሆኑ፣ ድምፅ ለብቻው በዲስኮርድ ወይም በቴሌግራም የቡድን ጥሪ ይካሄድ፤ ሁሉም የጆሮ ማዳመጫ ያድርግ፣ የማይናገር ሰው ማይኩን ይዝጋ። በኢንተርኔት ድምፅ ስለሚዘገይ ሁለት ሰው አንድ ጊዜ መናገር ይበዛል፤ ስለዚህ አፈ ጉባኤው መልሶቹን ከዘረዘረ በኋላ እያንዳንዱን በስሙ እየጠራ አስተያየቱን ይጠይቅ። አንድ ቤት ስትቀመጡ በዓይን የሚታየው ማመንታት በስልክ አይታይም።

በመጨረሻም የተባለውን መዝግቡ። እነዚህ ጌሞች ረጅም ናቸው፤ የዛሬ ወር ለአንድ እስረኛ የተገባ ቃል ዛሬ ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል፣ ቃሉን ማን እንደገባና በምን አነጋገር እንደገባም የሚያስታውስ አይገኝም። እኛ አንድ ተራ ደብተር አለን። ቡና ተፈልቶ አቦሉ ሲቀዳ ጨዋታውን እናቆምና የዕለቱ አፈ ጉባኤ ሦስት ነገር ብቻ ይጽፋል፦ ከማን ጋር ተነጋገርን፣ ምን ቃል ገባን፣ ማን ተቃወመ። የተቃወመውን መጻፍ ያስፈለገው በድምፅ ብልጫ የተሸነፈው ሐሳብ በኋላ ትክክል ሆኖ ሲገኝ ባለቤቱ እንዲታወቅለት ነው። ደብተሩን ይዞ ወደ ቤቱ የሚሄደው የሚቀጥለው ቅዳሜ አፈ ጉባኤ የሚሆነው ሰው ነው፤ ሲመጣም ላፕቶፖቹ ከመከፈታቸው በፊት ያለፈውን ገጽ ያነብልናል።